ተፎካካሪ አታሳጣኝ

ከሜክሲኮ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስዱ ታክሲዎች ውስጥ ከሚለጠፉት ጥቅሶች ሁሉ ዕድሜ የጠገበው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ሳይሆን አይቀርም። ስንቱ የፍቅርና የክህደት ጥቅስ መጥቶ ሄደ፣ እሱ ግን አለ። እንደ ጸሎት ካየነው ግራ የሚያጋባ ጸሎት ነው። ሰው ከፈጣሪው ጤና ይለምናል፣ እንጀራ ይለምናል፤ ምቀኛን ማን ይለምናል? እኛ እንለምናለን። ምቀኛ ያለው ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፣ ካልተኛ ደግሞ ይሠራል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ተቃራኒውም አለን። «የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል»። አንቺ ዝጊው፣ አንተ ዝጋው ሲባባሉ ሌባ ገብቶ ይወጣል። ይህ ተረት ፉክክር መጥፎ ነው ለማለት ሲጠቀስ እንሰማለን። ልብ ብሎ ላየው ግን የሚሰድበው ላለመሥራት የሚደረገውን ፉክክር ነው። ባልና ሚስቱ «ማን የተሻለ ይዘጋዋል» ብለው ቢፎካከሩማ ኖሮ ያ ቤት ሦስት ቁልፍና አንድ ውሻ ይኖረው ነበር።

አሁን ደግሞ ሦስተኛ መጥቷል፤ ከስልክ። «ተፎካካሪህ የትናንቱ አንተ ብቻ ነህ»። ከጀርባው ቀስ ያለ ፒያኖ አለ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትታያለች፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው እየረጋ ይናገራል። «ማንንም አትይ። ከማንም ጋር አትወዳደር። ከራስህ ጋር ብቻ።» በቲክቶክ፣ በቴሌግራም ቻናል፣ መግቢያው በብር በሆነ የአዳራሽ ንግግር ሁሉ ይኸው ነው። ጠቤ ከዚህ ሦስተኛው ጋር ነው። ከሦስቱ አባባሎች በጣም ጣፋጩ እሱ ነው፣ በጣም ባዶውም እሱ ነው።

ለምን እንደሚጣፍጥ ግን ይገባኛል። ያደግኩት ጌጃ ሰፈር ነው። ጌጃ ውስጥ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ነው የኖሩት፤ የአንዱ ቤት ሽሮ ሲቁላላ ሦስተኛው ቤት ያስነጥሳል። እንዲህ ባለ ሰፈር ሰኔ 30 ካርድ ይዞ ወደ ቤት መግባት ማለት ለጎረቤት ሁሉ ሪፖርት ማቅረብ ነበር። «ስንተኛ ወጣህ የኔ ልጅ?» ይላሉ እትዬ እገሌ፣ ከምጣዱ ሳይነሡ። «ስንተኛ ወጣህ አንተ?» ይላሉ ጋሼ እገሌ፣ ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው። ምን ተማርክ ያለኝ ሰው አላስታውስም። ስንት አመጣህ የሚል እንኳ ብርቅ ነበር። ካርዱ ላይ በአሥር ትምህርት የተዘረዘረ ቁጥር እያለ፣ የሁሉም ዓይን የሚሄደው ከታች ወዳለችው አንዲት ሳጥን ነበር፤ ደረጃ።

ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። በእኛ ክፍል ከስልሳ በላይ ነበርን። አምስተኛ የሆነ ልጅ አራተኛ የሚሆንበት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማጥናት ነው። ሌላው አራተኛው ልጅ እንዲወድቅ መጠበቅ ነው። አራተኛው ልጅ ታይፎይድ ይዞት ከፈተና ቢቀር፣ አምስተኛው አንዲት ፊደል ሳይጨምር አራተኛ ይሆናል። ይህ በእኛ ክፍል ደርሷል፤ «እንኳን ደስ ያለህ»ም ተብሎበታል። ከዚያ በኋላ ደብተሩን በክንዱ ከልሎ የሚጽፍ ልጅ ብታዩ ምን ይገርማል? ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አድሮ ጠዋት «ኧረ እኔ ምንም አላየሁም ባክህ» የሚለውን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ እናንተው ናችሁ። ያ ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም። የጎረቤቱ ማወቅ የእሱ መውደቅ እንደሆነ ስለተነገረው ነው።

በዚህ ውስጥ ያለፈ ልጅ ሃያ ዓመት ሞልቶት «ከማንም ጋር አትወዳደር» የሚል ድምፅ ሲሰማ ዕንባው ቢመጣ አልፈርድበትም። ቁስሉ የእውነት ነው። መድኃኒቱ ነው የተሳሳተው።

መጀመሪያ ግን የደረጃን ውሸት እስከ መጨረሻው እንየው፣ ምክንያቱም በቁጥር የተጋለጠበት ጊዜ አለ። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ተማሪዎች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ነበር። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ሆኑ። 3.3 በመቶ። አገር ደነገጠ፣ ሚኒስትሩ ተወቀሱ፣ መምህራን ተወቀሱ፣ ልጆቹ ተሰደቡ። በቀጣዩም ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። እኔን ግን እስከ ዛሬ የማይለቀኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ይህን ቁጥር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በእያንዳንዱ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበረ። አንደኛ የሌለው ክፍል የለማ። ቢያንስ 1,161 አንደኞች፣ ስማቸው በሰልፍ ላይ ሲጠራ የተጨበጨበላቸው፣ እናታቸው ጎረቤት ፊት ቀና ብላ የሄደችላቸው፣ ግማሹን ማምጣት አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። የተጠየቁትን ሁሉ አድርገዋል፤ አንደኛ ውጡ ተባሉ፣ ወጡ። ደረጃው ነው የዋሻቸው። ከጎንህ ካለው እንደምትሻል ይነግርሃል እንጂ የት እንዳለህ አይነግርህም።

የስልኩ ሰውዬ እዚህ ጋ ጉሮሮውን ጠርጎ «ብዬ አልነበር? ከራስህ ጋር ብቻ ተወዳደር» ይላል። ቆይ፣ አይቸኩል። እነዚያ አንደኞች ከራሳቸው ጋር አልተወዳደሩም ያለው ማነው? በመጀመሪያው መንፈቅ 88፣ በሁለተኛው 91 ያመጣ ልጅ የትናንቱን ራሱን አሸንፏል። በጥቅሱ ሕግ ሻምፒዮን ነው። ያ 91 ሌላ ቦታ ስንት እንደሚሆን ግን የሚነግረው አልነበረም። በቆጂ የተለካ ሰከንድ በርሊን ላይም ሰከንድ ነው፤ የአንዱ ትምህርት ቤት 91 ግን የሌላው 40 ሊሆን ይችላል። የትናንቱ አንተ ደግሞ አንተ የምታውቀውን ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱን ማሸነፍ ምን ይከብዳል? ተኝቶልሃል እኮ።

ከራሱ ጋር ብቻ የሮጠ ሰው በታሪክ ቢፈለግ የሚገኘው ቪየና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ኤሊዩድ ኪፕቾጌ 42 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ጨረሰ። ተቀናቃኝ አልነበረም፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ እሱና ሰዓቱ ብቻ። የጥቅሱ ሕልም ይኸው ነው አይደል? ግን ከፊቱና ከኋላው እየተፈራረቁ የሮጡለት 41 አሯሯጮች ነበሩ። አርባ አንድ! በዚህም ምክንያት ሰዓቱ በይፋ ክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም። ብቻውን ሮጠ የተባለው ሰው እንኳ አጠገቡ የሚተነፍስ ሰው ካልነበረ አይሆንለትም ነበር።

አሁን ወደ እኛው ሰው እንምጣ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1997 ኦስሎ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ31.32 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ ላይ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ብራሰልስ ላይ በ26:27.85 ወሰደበት። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ መጀመሪያ ኃይሌ ሄንግሎ ላይ በ26:22.75 መለሰው። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ክብረ ወሰኑ ከስምንት ሰከንድ በላይ ወረደ። ልጠይቃችሁ፤ ቴርጋት ባይኖር ኖሮ ኃይሌ ከኦስሎ በኋላ ምን ያስቸኩለው ነበር? የትናንቱን ራሱን አሸንፎት የለ እንዴ! በጥቅሱ ሕግ ቢኖር ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣ ነበር።

እንዳትሳሳቱ፣ ቴርጋት አሯሯጭ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 የዓለም አገር አቋራጭ ውድድርን አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ነው። በትራክ ላይ ግን ከፊቱ ሁልጊዜ አንድ ሳቂታ የአሰላ ልጅ ነበረ። አትላንታ 1996፣ ኃይሌ አንደኛ፣ ቴርጋት ሁለተኛ። ሲድኒ 2000 ላይ ያየነውን ደግሞ አባቶቻችን ዛሬም ሲያወሩት ከወንበራቸው ይነሣሉ። 27:18.20 ለኃይሌ፣ 27:18.29 ለቴርጋት። ሃያ አምስት ዙር ተሩጦ ልዩነቱ የሰከንድ መቶኛ ዘጠኝ! በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት ከዚህ ይሰፋል። ከዚያ ሁለቱም ወደ ማራቶን ሄዱ። ቴርጋት እ.ኤ.አ. በ2003 በርሊን ላይ በ2:04:55 ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ኃይሌ በ2007 እዚያው በርሊን ሄዶ በ2:04:26 ወሰደው፤ በዓመቱ ተመልሶ 2:03:59 አደረገው። አሥር ዓመት ያለፈው ክርክር ነው ይህ። በእኔ ቢሆን ለቴርጋት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መንገድ በስሙ ይሰየምለት ነበር። ግማሹን ኃይሌ የሠራልን እሱ ነው።

«የግል ምርጥ ሰዓት» የሚባለው ነገር የሚወለደው እዚህ ነው። ስፖርት ጋዜጠኞቻችን «የግሉን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ» ሲሉ የግል የሚለው ቃል ያሳስተናል። የግል ነው፣ ግን ብቻ የተገኘ አይደለም። ቀነኒሳ በቀለን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2019፣ በርሊን፣ ዕድሜው 37፣ ብዙ ሰው አበቃለት ያለው ጊዜ። ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሠ ጥሎት ሄደ። ቀነኒሳ ከሩቅ እያየው ነው የሮጠው፤ መጨረሻው ላይ ደርሶበት አለፈው፤ በ2:01:41 ገባ። የዓለም ክብረ ወሰን በጊዜው 2:01:39 ነበር። ሁለት ሰከንድ! ያን ቀን ከፊቱ ብርሃኑ ባይኖር፣ የትናንቱ ቀነኒሳ ብቻ ከፊቱ ቢሆን፣ 2:03:03 ነበር የሚያሳድደው። የግሉ ምርጥ ሰዓት ይሄ ነበርና። በአንድ ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ያሻሻለው በብርሃኑ ጀርባ ነው።

በቆጂንም እንዲሁ አስቧት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከአንዲት ትንሽ ከተማና ከዙሪያዋ። ከፍታው ነው ይላሉ። ከፍታማ ደብረ ብርሃንም አለው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን የመሰለ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላው ትልቅ ነገር ግን አንዲት የበቆጂ ልጅ ጠዋት ልምምድ ስትወጣ ከፊቷ የምትሮጠው ልጅ ማን እንደሆነች ነው።

እንግዲህ ጤናማው ፉክክር ከበሽተኛው በምን ይለያል ብትሉኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፤ ከጎንህ ያለው ሰው እንዲበረታ ትፈልጋለህ ወይስ እንዲቀር? ምቀኛና ተፎካካሪ የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው። ምቀኛ እግርህ እንዲሰበር ይፈልጋል። ተፎካካሪ እግርህ ቢሰበር ይከፋዋል፣ ከማን ጋር ሊሮጥ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2009 የኒውዮርክ ማራቶን ላይ ደራርቱ ከእንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ጋር ነበረች። ፓውላ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ያሸነፈች፣ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት። እግሯን ሲያማት ከመሪዎቹ ወደኋላ ቀረች። ደራርቱ ዝም ብላ መሄድ ትችል ነበር፤ በርቺ፣ አብረን እንሂድ እያለች አበረታታቻት። ፓውላ አልቻለችም፣ አራተኛ ወጣች፤ ደራርቱ አሸነፈች። ይህ ታሪክ ሲነገር «የደራርቱ ደግነት» ተብሎ ይታለፋል። ደግ መሆኗን ማንም አይክድም፤ ግን ደግነት ብቻ አይመስለኝም። ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ሲድኒ ላይ ፓውላ አብዛኛውን ዙር እየመራች ደራርቱን ወደ ወርቅ የወሰደቻት ሴት ናት። ደራርቱ የጠንካራ ሰውን ዋጋ ታውቃለች።

ከኦሊምፒክ ወርጄ የእኛን ሰፈር ልጥቀስ። አንድ ቅያስ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የጀበና ቡና ሻጮች አሉን። መጀመሪያ አንዷ ብቻ ነበረች፤ ቡናዋ ቀጭን፣ ስኒዋ የተሸረፈ። ሁለተኛዋ መጣችና ቄጠማ ጎዘጎዘች። በሳምንቱ የመጀመሪያዋ ዕጣን አጨሰች። ሁለተኛዋ ፈንዲሻ ጨመረች፣ የመጀመሪያዋ ጤና አዳም። ዛሬ ከሁለቱም ጋ የሚጠጣው ቡና ድሮ ያልነበረ ቡና ነው፤ ከሌላ ሰፈር ሰው ይመጣል። አንዷ የታመመች ዕለት ሌላዋ ከሰል ታበድራታለች፣ ደንበኛዋን «ነገ ትገባለች» ትላለች። በተቃራኒው «ከማን አንሼ» ብሎ በብድር ድንኳን የሚያስጥል ሠርገኛም አለን። እሱን ፉክክር አልለውም። እዚያ ውስጥ የተሻለ የሆነ ነገር የለም፣ የተከፈለ ዕዳ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ተቃውሞ ግን በቁም ነገር መመለስ አለበት። «አንተ ስለ ኃይሌ ታወራለህ፤ እዚህ አንዱ ልጅ አስጠኚ ተቀጥሮለት፣ ሌላው በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሆነው እየኖሩ፣ በስልክ መብራት እያነበበ፣ ምን ፉክክር አለ?» እውነት ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ «ሁሉም እኩል ይፎካከር» የሚል ሰው ይዋሻል። የአትሌቲክስ ሰዎች ግን ይህን ከፈቱት ቆይቷል። የ400 ሜትር ሯጮች ሲነሡ አይታችኋል? አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ነው የሚቆሙት። ለማያውቅ ሰው አድሎ ይመስላል። የውጪው መም ስለሚረዝም ነው፤ መነሻው ካልተለያየ የውጪው ሯጭ ከ400 ሜትር በላይ ሊሮጥ ነው። ቤተ ሙከራ የሌለውን ትምህርት ቤት ልጅ፣ የፊዚክስ መምህር በዓመቱ አጋማሽ የሄደበትን ልጅ፣ ከሌላው ጋር አንድ መስመር ላይ አቁሞ ተኩስ ማሰማት ውድድር አይባልም። መነሻውን የሚያስተካክለው ሰው ማነው ብለን መጮህ አለብን። ያንን ጩኸት ግን «ከማንም ጋር አትወዳደር» የሚለው ጥቅስ ነው የሚያፍነው። ከራሱ ጋር ብቻ የሚወዳደር ልጅ መሙ እንደረዘመበት በምን ያውቃል? አሁን ገባችሁ ይህ ጥቅስ ለምን እንደሚያናድደኝ? ሰውን ያጽናናል፣ ግን ዓይኑን ሸፍኖ ነው።

የደረጃዋ ሳጥን ከካርድ ላይ ትፋቅ ብትሉኝ እፈርማለሁ። በቦታዋ ልጁ ካለፈው መንፈቅ ስንት እንደጨመረ ይጻፍ፣ ከአጠገቡ ደግሞ ሌላ ቦታ ያለ እኩያው በዚያው ፈተና ስንት እንዳመጣ። ሁለቱም። አንዱ ብቻ ከሆነ ወይ እናታለላለን ወይ እንሰበራለን። ትምህርት ሚኒስቴር የእኔን ጽሑፍ እስኪያነብ ግን የሚጠብቁ ልጆች የሉም፤ በሰፈራችን ጥቂት የ12ኛ ክፍል ልጆች ቀድመውታል።

ማታ ማታ አንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መብራት ያለው እዚያ ነው። የድሮ ማትሪክ አውጥተው፣ ስልክ ላይ ሰዓት ሞልተው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይጀምራሉ። ሲያልቅ መልስ ይታረማል፣ እያንዳንዱ ያመጣውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ የትናንቱንም አብሮ። የተሳሳተውን ያገኘው ላላገኘው ያስረዳል፤ ደብተር በክንድ መከለል የለም። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ አለች፣ ሒሳብ ላይ ሁሉንም የምትበልጥ። ወንዶቹ በእሷ ይናደዳሉ፣ ይቀልዱባታል፣ አንዱ እንደውም ከእሷ በሦስት ጥያቄ እስኪቀርብ ፀጉሬን አልቆረጥም ብሏል፤ ፀጉሩ አሁን ጆሮው ላይ ደርሷል። እሷ ያልመጣች ማታ ግን ሰዓቱን የሚነካው የለም። አንዱ ይላካል፤ ቅያሱን ወርዶ ከበራቸው ሥር ቆሞ «ኧረ ነይ፣ እየጠበቅንሽ ነው!» እያለ ይጣራል፣ እናቷ ወጥተው እስኪቆጡት ድረስ።